ሦስት ሽማግሌዎች፣ ለየብቻ

ድርጅቱ የአሶሳ ቢሮውን ሊዘጋ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ታሪኩን እንድጽፍለት ጠየቀኝ። በብዙ አገሮች ቢሮ ያለው የአማካሪ መሐንዲሶች ድርጅት ነው። ራሱ መንገድ አይሠራም፣ ድልድይም አይገነባም። መንገዱ በየት ማለፍ እንዳለበት፣ ድልድዩ ምን ያህል መስፋት እንዳለበት ያጠናል፣ ይነድፋል፤ ተቋራጩ ሲሠራ ደግሞ ቆሞ ይቆጣጠራል። አንድ ቢሮ ሲዘጋ የዚያ ቢሮ ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ተጽፎ ዋናው መሥሪያ ቤት ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ይላካል። ጸሐፊው የድርጅቱ ሰው መሆን የለበትም። አሶሳ ውስጥ ከእነሱ ጋር ምንም የማይነካካው፣ ለዓመታት ዜና ሲጽፍ የኖረ ሰው ሲያፈላልጉ እኔ ጋ ደረሱ።

እኔም የራሴ ደንብ አለኝ። አንድ ሰው ብቻ የነገረኝን ነገር ሌላ ሰው ሳያረጋግጥልኝ እውነት ነው ብዬ አልጽፍም። ይህን ለቢሮው ኃላፊ ስነግራት፣ «ከኛ ጋር ትስማማለህ» አለችኝ። የማንንም ስም እንዳልጠራም ተስማማን። እዚህም የምጠራው ስም የለም።

ኃላፊዋ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች መሐንዲስ ናት፤ አነጋገሯ ዝግ ያለ፣ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ የማትተው። ቢሮው የተከራዩት መኖሪያ ቤት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ስገባ ሳሎኑ በካርቶን ተሞልቶ፣ የአፈር ናሙና የነበረባቸው ከረጢቶች ግቢው ውስጥ ተራግፈው፣ ቀዩ አፈር ከሲሚንቶው ወለል ጋር ተመሳስሎ ነበር። አንዱን ካርቶን ከፍታ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ወፍራም ፋይል አወጣችልኝ።

«ታሪካችን ይኸው ነው» አለች። «ሌላው ሪፖርት ነው፤ ሪፖርት ደግሞ ማንም ይጽፋል።»

የስህተት መዝገብ ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት በተላከልኝ ጽሑፍ ላይ አመጣጡን አነበብኩ። ድርጅቱን የመሠረቱት ሁለት ጓደኛሞች ከጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው የጀመሩት። የመጀመሪያ ሥራቸው የአንድ ገበያ የውሃ መውረጃ ቦይ ነበር። ቦዩ ተቆፍሮ ካለቀ በኋላ አንደኛው ስሌቱ ላይ መሳሳቱን አወቀ። ያሠራቸው ሰው ገና አላወቀም ነበር። መሐንዲሱ ስህተቱን በአንድ ገጽ ጻፈ፤ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ፊት ለፊት አነበበለት። ሰውየው ተቆጣ፣ ሰደበው፣ ሁለተኛውን ሥራ ግን ለእነሱ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ በሄደበት አገር ሁሉ እያንዳንዱ ቢሮ አንድ መዝገብ አለው። የተሳሳተ ሰው ስህተቱን በእጁ ጽሑፍ፣ ከአንድ ገጽ ሳያስበልጥ ይጽፋል፤ ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ጠዋት ሻይ ላይ፣ ለባልደረቦቹ ያነባል። ራሱ ጽፎ ባነበበው ስህተት ማንም ከሥራ አይወጣም። ሌላ ሰው ያገኘበት ስህተት ግን እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት ነው።

ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ መሐንዲስ የቅየሳ ችካሎቹን ደማቅ ቀይ ቀብቶ ተክሎ ኖሮ፣ በማግስቱ ግማሾቹ ጠፍተው፣ በቀሩት ላይ ደግሞ ፍየል ታስሮባቸው አገኘ። «አንድ ሳምንት ተናድጄ ነበር» ይላል ገጹ፣ «ጥሩ እንጨት አሹሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ሜዳ ላይ ተክሎ የሚሄድ ሰው ስጦታ እየሰጠ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።» ሌላው የኮንክሪት ሙሌት በገበያ ቀን ቀጥሮ ከእሱና ከዘበኛው በቀር የመጣ ሰው አጣ። ሌላው ካምፑን ተዳፋት ላይ አሠርቶ፣ ክረምት ሲገባ ሽንት ቤቱ ከሁሉም ቀድሞ ወደ ወንዝ ወረደ።

አንድ ነገር ማስታወሻዬ ላይ ያዝኩ። የጻፉት ሁሉ መሐንዲሶች ናቸው። ሾፌር፣ ዘበኛ፣ የቀን ሠራተኛ፣ አስተርጓሚ፣ አንድም የለም። አትጻፉ ያላቸው ሰው አልነበረም። ጻፉ ያላቸውም አልነበረም።

ከገጾቹ አንዱ ላይ ቆየሁ። የጻፈው አንድ ወጣት መሐንዲስ ነው፤ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለነበረ ካልቨርት፣ ማለትም ከመንገዱ ሥር ውሃ ስለሚያሳልፈው ግንባታ።

«ካልቨርቱን አጥብቤ ነደፍኩት» ይላል። «የጎርፉን ከፍታ ዝቅ አድርጌ ገመትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ዓይነት መልስ ስለሰጡ ልቤ አረፈ። በሦስተኛው ክረምት ውሃው ከላይ ፈሶ መንገዱን ቆርጦ ወሰደው። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ክረምቱን ሙሉ መኪና ሳያይ ከረመ። አንዲት ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ተሻግራለች፤ በሕይወት አለች። ስህተቱ የኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሠሩ ኃላፊዋን ጠየቅኋት። ውሃውን ማንም ለክቶት በማያውቅበት ቦታ መዝገቡ የሽማግሌ ትዝታ ነው አለችኝ። ድርጅቱ በየትም አገር ሦስት ሽማግሌ ይጠይቃል፤ በሕይወታችሁ ያያችሁት ትልቁ ጎርፍ የት ደረሰ ብሎ። አንዱ ሌላውን ሳይሰማ፣ ለየብቻ። ቅጹ ላይ ሦስት መስመር አለ።

«እኔ ከመምጣቴ በፊት የሆነ ነገር ነው» አለች። «ሽማግሌዎቹን የጠየቁት ጋሼ ናቸው። ሁለተኛ ሰው ከፈለግክ እሳቸው አሉ።»

ጋሼ የሚሏቸው ሰው በዚያው መንገድ ላይ ካለ መንደር የመጡ የበርታ ተወላጅ ናቸው። ድርጅቱ አሶሳ ከገባበት ቀን ጀምሮ አብረውት ሠርተዋል። የቅየሳውን የመለኪያ ዘንግ ይይዛሉ፤ እሳቸው ሲይዙት ነፋስ እንኳ አያነቃንቀውም ይባላል። የበርታ ቋንቋና ዓረብኛ ስለሚያውቁ ቆየት ብሎ አስተርጓሚም ሆኑ። አማርኛቸው ከሥራ ላይ የተለቀመ ነው፤ ለወንዱም ለሴቱም «አንተ» ነው የሚሉት።

«ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ሴት አድርገውኝ አያውቁም» አለችኝ ኃላፊዋ፣ እሳቸው ፊት።

«ኢንጂነር፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ» አሏት ጋሼ። «ትልቅ ሰው በሁሉም አንድ ነው።»

በማግስቱ ከጋሼ ጋር በቢሮው ፒክአፕ ወጣን። በዚያ መንገድ ለዜና ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ስለምሄድበት ቦታ እንጂ ከጎማው ሥር ስላለው ነገር አስቤ ግን አላውቅም። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው በየተሻገርነው ውሃ ላይ እጃቸውን አነሳ እያደረጉ ነበር የሚሄዱት፤ ሰላምታ ይሁን ቆጠራ አልጠየቅኋቸውም። ከቀርከሃው ጫካ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ሾፌሩን አስቆሙትና ወረዱ።

አዲሱ ድልድይ ሰፊ ነው። ከሥሩ የደረቀ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ዳር ዳር ላይ ሣር። እዚህ ቦታ መኪና የሚወስድ ውሃ መጥቶ ያውቃል ቢባል ለማመን ያስቸግራል። ዳሩ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ ቆሟል።

«እዚህች ናት» አሉ። «ሾላው ላይ ነው ምልክት ያደረግነው። እዚህ፣ ጉልበት።» ጉልበታቸውን ነኩ።

«ሽማግሌዎቹን የት ነው የጠየቋቸው?»

«ማዶ። መስጊዱ ጎን ማንጎ አለ፣ እዚያ ሥር።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ለየብቻ?»

አንድ ድንጋይ አነሱና መልሰው በቦታው አስቀመጡት።

«አንተ ሁለተኛ ሰው ትፈልጋለህ፤ ኢንጂነር ነገረኝ» አሉ። «አንደኛው ማነው?»

«መሐንዲሱ የጻፈው ገጽ።»

«ገጹ ለየብቻ ይላል?»

«ይላል።»

«እንግዲያ እኔ ሁለተኛ አልሆንልህም።»

ከሾላው ሥር ተቀመጥን፤ ነገሩንም በተራው ነገሩኝ። ከሦስቱ ሽማግሌዎች ትልቁ የጋሼ እናት ወንድም ነበሩ። አጎትን ከጓደኞቻቸው ነጥሎ፣ ሌላውንም ነጥሎ ወስዶ በጆሮ መጠየቅ አልሆነላቸውም። «አንተ ዋሽተህ ይሆናል፣ እስቲ እሱን ልጠይቅ፤ እንደዚያ ማለት ነው እኮ» አሉኝ። ስለዚህ ሦስቱንም ማንጎው ሥር አንድ ላይ አስቀምጠው ጠየቁ። አጎታቸው ጉልበት አሉ። ሁለተኛው ጉልበት አሉ። ሦስተኛው ጋሼን ትንሽ አዩአቸውና እሳቸውም ጉልበት አሉ። ጋሼ ቅጹ ላይ ሦስት መስመር ሞሉ።

«መንገዱ ከተወሰደ በኋላ ወደ ሦስተኛው ሽማግሌ ሄድኩ» አሉ። «እስከ ደረት ነው የመጣው አለኝ። የመጀመሪያ ሚስቱ የወለደችበት ክረምት። ምነው ያኔ አልነገርከኝም አልኩት። አጎትህ ተናግሮ ሳለ እኔ ምን ብዬ ነው የምናገረው አለኝ። እኔም ብሆን እንደሱ ነው የማደርገው።»

«ለመሐንዲሱ ነገሩት?»

«አልነገርኩም።» ወደ ደረቁ አሸዋ አዩ። «ሰኞ ጠዋት ስህተቱ የኔ ነው ብሎ አነበበ። እኔ ሻይ ይዤ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ከዚያ ሌላ አገር ሄደ። በየበዓሉ ይደውልልኛል። በደወለ ቁጥር ልነግረው አስባለሁ፣ ልጆች እንዴት ናቸው ይለኛል፣ ደህና ናቸው እለዋለሁ፣ ስልኩ ያልቃል።»

ማስታወሻ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ ተዘግቶ ነበር። ከፍቼ ልጽፍ እንደሆነ ጠየቁኝ። እርስዎ ጻፍ ካሉኝ እጽፋለሁ አልኳቸው።

«አንተ አትጻፍ» አሉ። «እኔ ነኝ የምጽፈው። መዝገቡ ላይ። ካርቶን ሳይዘጋ።»

ሁለት ቀን ቆይቶ ባለቤታቸው እኔ ጋ መጡ። ገበያ ውስጥ የደረቀ ባምያ የሚሸጡ ቁመተ ረጅም ሴት ናቸው። እኔ የምሠራባትን ክፍል ባጃጅ ነጂ አሳይቷቸው ነው የመጡት። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ፤ በሩን ይዘው ቆመው ነው ያናገሩኝ።

«አንተ ነህ ጋዜጣው?»

«እኔ ነኝ እናቴ።»

«ባሌ ለፍየል ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው» አሉኝ። «ወላሂ፣ ረግጧት ሳይሆን ሊረግጣት ሲል። እንዲህ ያለውን ሰው ወንዝ ዳር ወስዶ ማናገር ይገባል?»

ነገሩ ይህ ነበር። ድርጅቱ ሲሄድ ጋሼ ሥራ የላቸውም። ባምባሲ አካባቢ የውሃ ፕሮጀክት የያዘ ሌላ ድርጅት አለ፤ ዘንግ የሚይዝና መንደሩን የሚያናግር ሰው ይፈልጋል። የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ የቢሮውን ጠረጴዛዎችና የቅየሳ መሣሪያዎች ሊረከብ ቢሮው በሚዘጋበት በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ይመጣል፤ ጋሼንም ያኔ አይቶ ይወስናል። ጋሼ ደግሞ ገጻቸውን የሚያነቡት በዚያው ሰኞ ነው። ዕድሜያቸው ሌላ ቀጣሪ የሚፈልጉበት አይደለም። ሦስት ልጆች ትምህርት ላይ ናቸው።

«በራሱ አፍ ያነበበውን ማንም አያባርረውም ይለኛል» አሉ ባለቤታቸው። «ያ የፈረንጆቹ ሕግ ነው። ፈረንጆቹ ሄዱ። ባምባሲ ያለው ሰውዬ ሕጉን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አንተ ተው ብትለው ይሰማሃል። ቢያንስ መጽሐፉ ላይ አትጻፈው።»

ገጹን ጋሼ ራሳቸው ካልሰጡኝ እንደማልጽፍ ነገርኳቸው። ግን አሁን የማውቀውን እንዳላወቅሁ ሆኜ ሽማግሌዎቹ ለየብቻ ተጠየቁ ብዬ ልጽፍም አልችልም። ያለኝ አማራጭ የካልቨርቱን ነገር ከመጽሐፉ ከነጭራሹ ማውጣት ነው።

«አውጣው እንግዲያ» አሉ። «ስንት ካልቨርት አለ።»

ይህን ብለው ሄዱ። ልክ ነበሩ፤ ብዙ ካልቨርት አለ። ያ ገጽ ቢጎድል ዋናው መሥሪያ ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚያውቅ አይኖርም። በሥራዬ ዘመን ሰው እንዳይጎዳ ስም ደብቄ አውቃለሁ፤ የሆነን ነገር እንዳልሆነ ግን አድርጌ አላውቅም። ሁለት ቀን ሌሎቹን ምዕራፎች እየጻፍኩ ያንን ዘለልኩት።

ኃላፊዋ ዘንድ ስሄድ ጋሼ ቀድመው ነግረዋታል። ጠረጴዛዋ ባዶ ነበር፤ የድጋፍ ደብዳቤያቸው ብቻ ተፈርሞ ተቀምጧል።

«ደብዳቤውን ከመነገሬ በፊት ፈርሜዋለሁ» አለችኝ። «ከነገሩኝ በኋላም እፈርመው ነበር። ግን የባምባሲው ሰውዬ ከደብዳቤ ይልቅ ጆሮውን ነው የሚያምነው። ባምባሲ ይግቡና በሚቀጥለው ወር ገጹን ለዋናው መሥሪያ ቤት በፖስታ እንላከው አልኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹ኢንጂነር፣ አንተ ደብቅ ብለኸኝ አታውቅም› አሉኝ።» ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከታ ዘጋችው። «እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ጻፉም ብያቸው አላውቅም። ከመሐንዲስ ሌላ ለማንም። መዝገቡ የመሐንዲስ ብቻ ይመስለኝ ነበር።»

ሰኞ ጠዋት ጋሼ ኮት ለብሰው መጡ። የቀረነው ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ ኃላፊዋ፣ ሾፌሩ፣ ሻይ የምታፈላው ሴት፣ እኔ። የባምባሲው ሥራ አስኪያጅ ወንበሮቹ መኪና ላይ ስለተጫኑ የአፈር ናሙና ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ወፍራም፣ ጥቂት የሚናገር፣ በየመሃሉ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። ኃላፊዋ ልማዱን በአጭሩ አስረዳችው። «ይቀጥል» አለ።

ጋሼ ገጹን በሁለት እጃቸው ያዙ። ፊደሎቹ ትልልቅ ነበሩ፤ እኔ ካለሁበት ይታዩኛል። ቀስ ብለው አነበቡ፤ አንዳንድ ቃል ላይ ሲቆሙ ማንም አላገዛቸውም።

«እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ዘንግ የምይዝ ሰው ነኝ። ሦስት ሽማግሌ ለየብቻ ጠይቅ ተባልኩ። አንድ ላይ ጠየቅኩ። አጎቴ ተናገረ፣ ሁለቱ እሺ አሉ። ሦስት መስመር ጻፍኩ፤ መልሱ ግን አንድ ነበር። ውሃው መንገዱን ወሰደ። ከዚያ በኋላ እውነቱን አወቅኩ፣ ዝም አልኩ። ወጣቱ መሐንዲስ ስህተቱ የኔ ነው ብሎ ሲያነብ እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር። ያም ስህተት የኔ ነው። ሁለት ስህተት በአንድ ገጽ ይቻላል ወይ ብዬ ኢንጂነርን ጠይቄ ይቻላል ተብያለሁ።»

ሻይ የምታፈላው ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ኃላፊዋ ስልኳን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠች፤ ለካ ወጣቱ መሐንዲስ መስመር ላይ ነበር፣ ካለበት ሩቅ አገር። ገጹን ከመስማቱ በፊት አንዳች አልነገረችውም። ጋሼም እሱ እንደሚሰማ አላወቁም ነበር።

«ጋሼ» አለ ድምፁ።

ጋሼ ገጹን አጠፉት። «አቤት።»

«ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ?»

«መኪና ውስጥ።»

«ምን እሠራ ነበር?»

«ሙቀት ነበር» አሉ ጋሼ። «ትንሽ አሞህ ነበር።»

«አላመመኝም። ሙቀቱ ሰልችቶኝ ነው። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ አራታችሁም ማንጎው ሥር አንድ ላይ ተቀምጣችሁ አይቻችኋለሁ። ሰላምታው ያላለቀ መስሎኝ ነው። የናንተ ሰላምታ ረጅም ነው አይደል። ከዚያ ቅጹን አመጡልኝ፣ ሦስት መስመር ተሞልቶ። መቼ ለየብቻ ጠየቋቸው ብዬ አልጠየቅኩም። ገጼ ላይ ይህ የለም። ኢንጂነር፣ ገጼ ላይ ይጨመርልኝ።»

«የተነበበ ገጽ ላይ አይጨመርም» አለች ኃላፊዋ። «አዲስ ጻፍ።»

«ዛሬ ትዘጉ የለ እንዴ?»

«ካርቶኑ እስከ አሥር ሰዓት አይታሸግም።»

ሾፌሩ ሳቀ። ጋሼም ሊስቁ ሞከሩ፤ ግን ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። «ልጆች እንዴት ናቸው?» አለ ድምፁ። «ደህና ናቸው» አሉ። ስልኩ ግን በዚያ አላለቀም፤ ጋሼ ይዘውት ወደ ግቢው ወጡ።

ሲመለሱ የባምባሲው ሥራ አስኪያጅ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃቸው።

«አሁን ብልክዎትስ፣ ለየብቻ ይጠይቃሉ?»

ሁላችንም አዎ እንዲሉ ጠበቅን። ጋሼ አሰቡ።

«አላውቅም» አሉ። «ትልቁ ሰው ቁጭ ብሎ ሌላውን አስቀድሞ መጠየቅ ከባድ ነው። መንገድ መፈለግ አለብኝ።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ጠረጴዛዎቹን ቆጥሮ ፈርሞ ሄደ። ኃላፊዋ ፖስታውን ሰጥታው ነበር፤ ሳይከፍት ኪሱ ከተተው።

ሳምንቱ እንዲሁ አለፈ። የካልቨርቱን ምዕራፍ ጻፍኩት፤ አሁን ሁለት ሰው አለኝ፣ ሁለቱም በራሳቸው ላይ የሚመሰክሩ። ወጣቱ መሐንዲስ የላከው ሁለተኛ ገጽ ታትሞ መዝገቡ ውስጥ ገባ፤ በእጅ ያልተጻፈ ብቸኛው ገጽ እሱ ነው፤ ኃላፊዋም ደንቡን ማፍረሷን በሌላ ገጽ ጽፋ ፈረመች። ካርቶኑ የታሸገው በዚያው ሰኞ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ኃላፊዋ በሚቀጥለው በረራ ወጣች። ገበያ ውስጥ የጋሼን ባለቤት ሳያቸው ፊታቸውን ወደ ባምያው አዞሩ። እኔም አልተጠጋኋቸውም። የምነግራቸው ዜና አልነበረኝም።

በስምንተኛው ቀን ባምባሲ ለጋሼ ደወለ። ለሁለት ወር ሙከራ፣ ዘንግ ያዥነት ብቻ፤ ሽማግሌ መጠየቁን በኋላ እናያለን ተባሉ። ጋሼ ተስማሙ።

ሁለቱ ወር ሊሞላ ሲል ለሌላ ዜና ባምባሲ ሄጄ ነበርና ፕሮጀክቱ ያለበት መንደር ጎራ አልኩ። ጋሼን ወንዝ ዳር አገኘኋቸው፤ ዘንጉ ዛፍ ላይ ተደግፏል፣ በእጃቸው የያዙት ቅጹን ነው። ሥራ አስኪያጁ ከመኪናው ወርዶ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ጋሼ መጀመሪያ የሄዱት የመንደሩ ታላቅ ወደሆኑት ሽማግሌ ነበር። ሰላምታው እስኪያልቅ ሁላችንም ቆምን። ከዚያ ስለ ውሃው ምንም አልጠየቋቸውም። ሦስት ሰው ልጠይቅ ታዝዣለሁ፣ ማንን ማንን እንደምጠይቅ እርስዎ መርጠው ይላኩኝ፣ መጨረሻ ላይ እርስዎ ይናገራሉ አሏቸው። ሽማግሌው ደስ አላቸው። ወደ ሁለት ሰው ላኳቸው፤ አንዷ ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ አሮጊት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ ወንዝ ውሃ ቀድተዋል። አሮጊቷ ተነሥተው የጋሼን ትከሻ በእርጥብ እጃቸው ነኩ፣ እዚህ ብለው። ጋሼ ትከሻቸው ላይ ያለውን እርጥበት አይተው፣ በሜትር ለክተው ጻፉ።

«አካሄዳቸውን ሳይ ሰነበትኩ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «ሙከራው አብቅቷል። ሁለቱንም ሥራ ይዘዋል። ለቤታቸው አንተ ንገርልኝ፤ እሳቸው በስልክ ሲናገሩ ነገሩን ያሳንሱታል።»

ጋሼን ሌላ ምን አለ ብዬ ጠየቅኋቸው። ባምባሲ መዝገብ የሚባል ነገር ስለሌለ ከሱቅ ደብተር ገዝተው አንድ ገጽ ጽፈው ለሥራ አስኪያጁ አንብበውለታል፤ ዘንጉን ለግማሽ ቀን ገልብጠው ይዘው ነበርና።

በማግስቱ አሶሳ ገበያ ሄጄ ለባለቤታቸው ሥራው መጽናቱን ነገርኳቸው። አንድ ላስቲክ አንሥተው ባምያ እያፈሱ መሙላት ጀመሩ፤ አልገዛም ብል እንኳ የሚሰሙኝ አልመሰለኝም።

«እና ስንት ነገራቸው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ስህተቱን። ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብሎ አይቀመጥም።»

«አንድ» አልኳቸው።

ላስቲኩን አሰሩት፣ ፈተው አንድ እፍኝ ጨመሩበት፣ እንደገና አስረው ሰጡኝ።